ሃምሳ አለቃ ያዩት ጋራ፦ ሰባት ቀን በኮሪያ ገጠር

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ትንሹም ትልቁም "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚላቸው። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን አውጥተው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ስለ ጦርነቱ እንዲያወሩን እንነዘንዛቸዋለን። እሳቸው ግን ወሬያቸው ሁሌም ሁለት ነገር ነው። አንዱ ብርዱ ነው። "ኮዳህን ስታነሳ ውሃው ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ" ይሉናል። ሌላው ጋራው ነው። "አገሩ ጋራ ብቻ ነው። ዛፍ የሚባል ግን የለበትም። የተላጨ ራስ በለው።"

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ሴኡል ሄጄ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሰባት ቀን ተረፈኝ። የማውቃቸው ሰዎች ስለ ገበያና ስለ ፎቅ መከሩኝ። እኔ ግን ጋራውን ማየት ፈለግሁ።

ማክሰኞ፣ ቹንቾን

ከሴኡል ቹንቾን ድረስ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ወንዝ፣ ድልድይ፣ ዋሻ፣ ከዚያ ጋራ፣ እንደገና ዋሻ። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ የሃምሳ አለቃን የተላጨ ራስ ስፈልግ ቹንቾን ደረስኩ። አላገኘሁም። ጋራው ሁሉ ከእግሩ እስከ አናቱ ዛፍ ለብሷል። ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቢጫና ቀይ መሆን ጀምሯል።

ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ የሄድኩት ጎንግጂቾን ወደሚባለው ወንዝ ዳር ነው። የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት እዚያ ነው ያለው። በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለማስላት አትድከሙ።) ፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተ መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ጣሪያው እንደ ጎጆ ሾጣጣ ነው። በኮሪያ ወንዝ ዳር ጎጆ ቤት ማየት ለዓይን ትንሽ ግር ይላል።

ውስጡ የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ነው። ከ6000 በላይ ወታደሮች በየተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ ወድቀዋል። የተማረከ አንድም የለም። ፎቶዎቹ ፊት ብዙ ቆየሁ። ሌላው ጎብኚ የወታደሮቹን ፊት ያያል፣ እኔ ከኋላቸው ያለውን ጋራ። ባዶ ነው። አለትና አፈር ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃ አልዋሹም።

እዚያው አጠገብ "ኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት አለ። እሱም በዚያው በ1968 ነው የተከፈተው። በመስኮቱ በኩል ወንዙና የዝይ ቅርጽ ያላቸው የመዝናኛ ጀልባዎች ይታያሉ። ቡናው የኛ ነው፣ አቀራረቡ ግን የነሱ። አንድ ስኒ ይመጣል፣ በቃ። ቶናም በረካም የለም። አስተናጋጇ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ያላዘዝኩት ብስኩት መጣልኝ።

ማታ ዳክጋልቢ በላሁ። የከተማዋ መታወቂያ ምግብ ነው። ዶሮ፣ ጥቅል ጎመንና ስኳር ድንች ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ፊትህ ይጠበሳል። የሚለወሰው በቀይ በርበሬ ድልህ ነው። መልኩን አይቼ አዋዜ ነው ብዬ ጎረስኩ። ጣፋጭ ነው! ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ለመድኩት፣ ሦስተኛው ላይ ወደድኩት።

ረቡዕ፣ ሶያንግና ቾንግፕዮንግሳ

ጠዋት በከተማ አውቶቡስ ወደ ሶያንግ ግድብ። በ1973 ያለቀ ግድብ ነው፣ 123 ሜትር ከፍታ አለው። በሲሚንቶ ሳይሆን በአፈርና በድንጋይ ክምር ነው የተሠራው። በስተጀርባው ያለው ሐይቅ በሸለቆዎቹ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ጋራዎቹ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ።

ከግድቡ ትንሽ ጀልባ ተሳፍረህ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማዶ ትደርሳለህ። ከዚያ ቾንግፕዮንግሳ እስከሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ በእግር ነው። መንገዱ ጅረት ተከትሎ ይወጣል። ፏፏቴው ትንሽ ነው፣ የጢስ ዓባይን አገር ሰው አያስደነግጥም። መንገድ ዳር ግን እባብ መዳፏ ላይ የያዘች ሴት ሐውልት አለች፣ እሷ ጋ ሁሉም ይቆማል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ተራ ሰው የቻይና ንጉሥ ልጅ ይወዳል። ንጉሡ ያስገድለዋል። ሰውየው እባብ ሆኖ ተመልሶ የልዕልቲቱ ገላ ላይ ይጠመጠማል። መድኃኒት ቢባል፣ ጸሎት ቢባል አልለቅ ይላታል። ቤተ መቅደስ ለቤተ መቅደስ ስትዞር እዚህ ትደርሳለች። "ለአንድ አፍታ ልቀቀኝ፣ ደርሼ ልመለስ" ብላ ትለምነዋለች፣ ይለቃታል። ታጥባ ገብታ ለመነኮሳቱ ልብስ ስታቀርብ፣ እባቡ ዘገየችብኝ ብሎ ይከተላታል። በር ላይ ሲደርስ መብረቅ ይመታዋል። በሩ ዛሬም አለ፣ ሆዌጆንሙን ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ያዘንኩት ለእባቡ ነው። መጀመሪያም የተገደለው እሱ፣ ኋላም የተገደለው እሱ።

ረቡዕ ስለነበር ጾም ላይ ነኝ። ኮሪያ ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል፤ ኪምቺው ውስጥ ሳይቀር ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባል። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም።) የቡድሃ ቤተ መቅደስ አካባቢ ግን ነገሩ ይቀላል። መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይቀምሱም። ቤተ መቅደሱ ሥር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ሳንቼ ቢቢምባፕ አዘዝኩ። ሩዝ ላይ ሰባት ስምንት ዓይነት የተራራ ቅጠል ተደርድሮ ይመጣል። "እንቁላል አይግባ" ማለት ብቻ ነው። እናቴ ብታየው "ይሄማ በያይነቱ ነው" ትል ነበር።

የመጨረሻዋን ጀልባ ሰዓት አሳስቼ አንብቤ ኖሮ ቁልቁል በሩጫ ወረድኩ። ከፊቴ የሚሮጡ አምስት አሮጊቶች ነበሩ። ሁሉም የተራራ ልብስ ለብሰዋል፣ ሁሉም በትር ይዘዋል፣ ሁሉም ቀደሙኝ። ጀልባዋን ያስቆሙልኝ እነሱ ናቸው። ተሳፍረን ስናበቃ አንደኛዋ ቲማቲም የመሰለ ብርቱካናማ ፍሬ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ካም ይሉታል። ከማር የሚተናነስ አይደለም። "ሃልሞኒ፣ ካምሳሃምኒዳ" አልኩ። ሃልሞኒ እማማ እንደማለት ነው፣ ካምሳሃምኒዳ ደግሞ አመሰግናለሁ። አምስቱም ሳቁ።

ሐሙስ፣ ህዋቾን

ይህን ቀን ነበር የምጠብቀው። ቃኘው ከተዋጋባቸው ጋራዎች ብዙዎቹ ያሉት በህዋቾን ወረዳና በአካባቢዋ ነው። ከቹንቾን በአውቶቡስ ህዋቾን ገባሁ። ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። መንገድ ላይ ግማሹ ሰው ወታደር ነው፣ የሰሜን ኮሪያ ወሰን ቅርብ ነውና። ጥር ላይ ወንዟ ሲጋገር ሕዝብ በረዶ በስቶ ዓሣ የሚያጠምድበት ትልቅ በዓል አላት። የሃምሳ አለቃን ብርድ ሰው ዛሬ ከፍሎ ይዝናናበታል ማለት ነው።

ወደ ሰላም ግድብ የሚሄድ አውቶቡስ እንደልብ አይገኝም። ታክሲ ተኮናተርኩ። ሹፌሩ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። በስልክ ተርጓሚ እያወራን ሄድን። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጋራው በሁለቱም በኩል ይቀርብሃል። "ይሄ ጋራ ዛፍ አልነበረውም አሉ?" ብዬ አስተረጎምኩ። ስልኩን ሰምተው መኪናውን ዳር አቆሙ። ከዚያ እጃቸውን መሬት የሚቆፍር አስመስለው አሳዩኝ። "እኔ ነኝ የተከልኩት" አለ ስልኩ፣ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን የተቆረጠው ተቆርጦ፣ በጦርነቱ የነደደው ነድዶ፣ የተረፈውን ሕዝቡ ለማገዶ ጨርሶት ነበር። ያኔ የኮሪያ ቤት የሚሞቀው በወለሉ ሥር በሚያልፍ የእሳት ሙቀት ነበር፣ ኦንዶል ይሉታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጋራው ምድጃ ውስጥ ይገባ ነበር። በ1973 መንግሥት የአሥር ዓመት የደን ዕቅድ አወጣ፣ የታሰበው በ1978 አለቀ። በየዓመቱ ኤፕሪል 5 ቀን የችግኝ ቀን ነበር፣ ተማሪው በሙሉ ወደ ጋራ ይወጣል። ከተከላው እኩል የጠቀመው ግን ማገዶው በድንጋይ ከሰል መተካቱ ነው። ለኔ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ችግኝ መትከልማ እኛም እንተክላለን። ችግኙን ከምድጃ ያዳነው ሌላ የሚነድ ነገር መገኘቱ ነው። ዛሬ ከአገሩ መሬት ከመቶ ስልሳ በላዩ ደን ነው።

ሹፌሩ ከጋራው ወገብ ላይ ቢጫ የሆኑ ቀጥ ያሉ ዛፎች አሳዩኝ። ጥድ ነው፣ ግን ቅጠሉን የሚያራግፍ ዓይነት። እንደ ወታደር በሰልፍ ቆመዋል። በእጅ የተተከለ ደን የሚታወቀው በዚህ ነው፣ መስመሩ አይጠፋም።

የሰላም ግድብ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውሃ የማይጠራቀምበት ግድብ ነው። በ1980ዎቹ ሰሜን ኮሪያ ከወሰኑ ማዶ ግድብ ስትጀምር፣ "ለቀውብን ሴኡልን ያሰጥሟታል" ተባለ። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን ሰጡ። ግድቡ በ1987 ተጀመረ። ቆይቶ በ1993 ኦዲት ሲደረግ ስጋቱ ተጋንኖ እንደነበር ተነገረ። እንዲያም ሆኖ በ2005 ተጠናቀቀ። የዓባይ ቦንድ ከደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር ይመላለሳል። ሹፌሩም ልጅ ሆነው ሳይሆን ጎልማሳ ሆነው ነው ያዋጡት፣ አሁንም ትንሽ ይናደዳሉ።

ግድቡ አጠገብ ትልቅ ደወል አለ። ጦርነት ካለባቸውና ከነበረባቸው አገሮች በተሰበሰበ የጥይት ቀለህ የተሠራ ነው፣ 37.5 ቶን ይመዝናል። አናቱ ላይ ርግቦች አሉ። የአንዷ ርግብ ክንፍ ተነጥሎ ለብቻው ተቀምጧል፣ ሁለቱ ኮሪያዎች ሲታረቁ ይገጠማል ተብሎ። ደወሉን መምታት ይቻላል፣ ትንሽ ገንዘብ ትከፍላለህ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሹፌሩ ሲነግሩኝ ስልኩ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ አስተረጎምኩ። ለኢትዮጵያውያን የኮሪያ ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ትምህርት ነው የሚውለው።

ሦስት ጊዜ መታሁ። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባና ቶሎ አይወጣም። ከደወሉ ወረድ ብሎ በእንጨት የተሠሩ የመቃብር ምልክቶች አሉ፣ ላያቸው ላይ የዛገ የብረት ቆብ። እዚያ ጋ ሹፌሩ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እኔም አወለቅሁ። ስልኩን ማንም አላወጣም።

ዓርብ፣ ሶክቾ

ከቹንቾን ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ሁለት ሰዓት ያህል አውቶቡስ። አብዛኛውን ተኛሁት።

ሶክቾ የባሕር ከተማ ናት። ከጦርነቱ በፊት በሰሜን እጅ ነበረች። ካርታ ሳይ አንድ ስም ዓይኔን ያዘኝ፦ "አባይ መንደር"። ማርያምን፣ እንዲሁ ነው የሚነበበው! በሰሜኑ የሃምግዮንግ ዘዬ አባይ ማለት ሽማግሌ፣ አባባ እንደማለት ነው። ከዚያ የተፈናቀሉ ሰዎች በ1951 አካባቢ እዚህ አሸዋ ላይ ሰፈሩ። ጦርነቱ ሲበርድ በማግስቱ እንመለሳለን ብለው ነው፣ ለዚህ ነው ቤቶቹ ትንንሽ የሆኑት። ወሰኑ ተዘጋ፣ ቀሩ።

ወደ መንደሩ የሚያሻግር ጠፍጣፋ ጀልባ አለ። ሞተር የለውም። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ገመድ አለ፣ ተሳፋሪው በሜንጦ እየጎተተ ራሱን ያሻግራል። እኔም ጎተትኩ። የመንደሩ ዝነኛ ምግብ የተሞላ የአሳማ አንጀት ነው። ዓርብ ባይሆንም አልሞክረውም ነበር። በምትኩ ተፍቆ በዘይት የተጠበሰ የድንች ቂጣ በላሁ። የዚህ የጋንግዎን አውራጃ ሰው በድንች ይቀለድበታል። ቂጣው ግን የሚቀለድበት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሶራክሳን

ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ሶራክሳን ተራራ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚፈጠር የነገረኝ አልነበረም። ቅጠሉ የሚቀላበት ሳምንት ነው፣ ኮሪያ በሙሉ መጥታለች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ፣ ፓርኩ በር ላይ ቆሜ፣ ሽንት ቤት ተራ ቆሜ ረፈደ።

ከፍተኛው ጫፍ 1,708 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ "እኛ ተኝተን ከዚህ በላይ ነን" ይላል። እኔም እያልኩ ነው የጀመርኩት። መውጣት የፈለግሁት ጫፉን ሳይሆን ኡልሳንባዊ የሚባለውን አለት ነው። አፈ ታሪኩ ያስቃል። ፈጣሪ ሰሜን ያለውን የኩምጋንግ ተራራ ሲሠራ፣ ያማሩ አለቶች ሁሉ እንዲሰበሰቡ ያዛል። የኡልሳን አለት ከደቡብ ተነስቶ ሲመጣ፣ ከባድ ስለሆነ ይዘገያል። "ቦታው ሞልቷል" ይባላል። ተመልሶ ለመሄድ አፍሮ እዚሁ ቀረ።

ቀጥሎ ያለው የአለቃ ገብረሃና ዓይነት ነው። የኡልሳን ገዥ "አለቱ የኔ ነው" ብሎ ሥሩ ያለውን ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ግብር ያስከፍላል። አንድ ትንሽ መነኩሴ "እንግዲያው ውሰዱት" ይለዋል። ገዥው "በአመድ ገመድ እሰሩልኝና እወስደዋለሁ" ይላል። ልጁ በሳር ገመድ አለቱን ጠምጥሞ እሳት ለቀቀበት። ገመዱ ሳይፈርስ አመድ ሆነ። ሶክቾ የሚለው ስም "የታሰረ ሳር" ማለት ነው፣ ከዚህ የመጣ ነው ይላሉ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ደልዳላ ነው። መሐል ላይ "ተንቀጥቃጭ አለት" አለ። አንድ ሰው ቢገፋው ይነቃነቃል፣ መቶ ሰው ቢገፋውም ያው ነው፣ አይወድቅም። ሁሉም ገፍቶ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ደረጃ ነው። የብረት ደረጃ፣ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለ፣ ማለቂያ የሌለው። ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ያልኩትን እዚያው ዋጥኩት። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አንድ አባት ልጁን አዝሎ አለፈኝ።

አናቱ ላይ ነፋሱ ያስቆማል። በአንድ በኩል ሰማያዊ ባሕር አለ። በሌላው በኩል ጋራ ላይ ጋራ፣ ከሥር ቀይ፣ ከፍ ሲል ቡናማ፣ ጫፉ ላይ ግራጫ አለት። ሰሜን ወዴት ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ በጣቱ አሳየኝ። ብዙም አይርቅም።

እሑድ፣ ጋንግኑንግ

እግሬ እምቢ ስላለ ቀላል ቀን። ኦጁክሆን የሚባል የድሮ ቤት አየሁ። ዙሪያው ጥቁር ቀርከሃ ነው። በ1536 ዩልጎክ የሚባለው ሊቅ የተወለደው እዚህ ነው። እናቱ ሺን ሳይምዳንግ ሠዓሊ ነበሩ። ልጅየው የ5,000 ዎን ብር ላይ አለ፣ እናትየው የ50,000 ላይ። እናት አሥር እጥፍ፣ ልክ ነው።

ከዚያ አንሞክ የሚባል ባሕር ዳር። መንገዱን ሙሉ ቡና ቤት ነው። ይርጋጨፌና ሲዳሞ ዝርዝሩ ላይ በኮሪያ ፊደል ተጽፈዋል። ሞገዱን እያየሁ አንድ ይርጋጨፌ ጠጣሁ። ወደ አንዶንግ ስነሳ ግን የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የበሩን ቁጥር አላየሁም። አንዶንግ የገባሁት እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው።

ሰኞ፣ ሃሆዌ

ሃሆዌ ማለት "ወንዝ የሚዞርበት" ማለት ነው። ናክዶንግ ወንዝ መንደሩን በሦስት በኩል አቅፎት ይዞራል። ማዶ 64 ሜትር ገደል አለ፣ ቡዮንግዴ ይባላል። እላዩ ላይ ወጥተህ ስታይ መንደሩ ሰፌድ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የሸክላ ጣሪያው የጌቶች፣ የሳር ክዳኑ የሎሌዎች ቤት ነበር። የርዩ ዘሮች ለስድስት መቶ ዓመት ኖረውበታል፣ ዛሬም ይኖሩበታል። ዩኔስኮ በ2010 መዝግቦታል። ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1999 ልደታቸውን እዚህ ነው ያከበሩት።

መንደሩ በእንጨት ጭንብሉም ይታወቃል። ሰኞ በመሆኑ ጭፈራው አልነበረም። አንደኛው ጭንብል፣ ኢሜ የሚባለው፣ አገጭ የለውም። ቀራጩ ሳይጨርስ ማንም እንዳያየው ታዞ ነበር። የምትወደው ልጅ ግን ናፍቃው በቀዳዳ አየችው፣ እሱም እዚያው ሞተ። አገጩ ሳይሠራ ቀረ። ኮሪያ ውስጥ ከፍቅር ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ በሞት ነው የሚያልቀው መሰለኝ።

መንደሩ መሐል፣ በጠባብ የጭቃ አጥር መንገድ ጠመዝመዝ ብለህ ስትገባ፣ ከ600 ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ዛፍ አለ። የመንደሩ ጠባቂ ናት ይላሉ። አድባር በሉት፣ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ጦርነቱም፣ መጥረቢያውም፣ ምድጃውም አልደረሰበትም። ዙሪያውን የሳር ገመድ ተዘርግቶ ሰው ምኞቱን ጽፎ የሚያስርበት ነጭ ወረቀት ሞልቶታል። ወረቀቱና እስክሪብቶው እዚያው ተቀምጧል።

ብዙ አሰብኩ። ለጤና፣ ለሰላም፣ ለእናቴ ሊባል ይችላል። መጨረሻ ላይ በአማርኛ ይህን ጻፍኩ፦ "ሃምሳ አለቃ፣ ጋራው ጠጉር አብቅሏል።"

አጥፌ አሰርኩት። አጠገቤ የነበረች ተማሪ ፊደሉ ገርሟት "የየት አገር ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። አውቶቡሱ ሊነሳ አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው፣ ሮጥኩ።